ድንኳን ሰፊው ሐዋርያ



  ጾመ ሐዋርያት ከበዓለ ጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ ጀምራ እስከ ሐምሌ 4 ትቆያለች፤ ሐምሌ 5 ደግሞ የቅዱስ ጴጥሮስና የቅዱስ ጳውሎስ በዓል ነው። አንዳንዶቻችን የቄስ ጾም ናት እያልን እንሸሻታለን እንጂ ከሰባቱ አጽዋማት አንዷ ስለሆነች ለሁላችንም የተሠራች ናት። ገበሬው ወገናችን በሬዎቹን ጠምዶ፣ የሰኔ ዝናብ በላዩ እየወረደበት፣ በባዶ ሆዱ እያረሰ ይጾማታል። እኛ ከተሜዎቹ ግን፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ጾም ሲገባ ቶሎ የሚመጣብን እንቅልፍ ነው። ሥራ ቦታም ብንሄድ ጾመኛ ነኝ በምትል ሰበብ ባለጉዳዩን ነገ ተመለስ እንለዋለን። ጾሙ ለእግዚአብሔር፣ ድካሙ ለባለጉዳዩ ሆነ ማለት ነው!

ስለዚህ ዘንድሮ ከሁለቱ አባቶች የአንዱን፣ የቅዱስ ጳውሎስን ሕይወት አብረን እንይ። ስለ ስብከቱና ስለ ተአምራቱ ብዙ ጊዜ ሰምታችኋል። እኔ ዛሬ የማወራችሁ ስለ እጆቹ ነው።

ጳውሎስ፣ በአይሁድ ስሙ ሳውል፣ የተወለደው በኪልቅያ ምድር ጠርሴስ በምትባል ከተማ ነው። ቦታው ዛሬ በደቡብ ቱርክ ይገኛል። ከነገደ ብንያም የሆነ፣ ሲወለድም የሮም ዜግነት የነበረው ሰው ነው፤ ይህም በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። የሮም ዜጋ ያለ ፍርድ አይገረፍም፣ ቢከሰስም ይግባኙ እስከ ቄሣር ይደርስለታል። በኢየሩሳሌም ደግሞ ከታላቁ የሕግ መምህር ከገማልያል እግር ሥር ቁጭ ብሎ ተምሯል። በእኛ አገር አነጋገር ስመ ጥር የኔታ ዘንድ ውሎ፣ መጻሕፍቱን ዘልቆ፣ ለመምህርነት የደረሰ ሰው ማለት ነው። ታዲያ እንዲህ ያለው ሊቅ ከመርፌና ከወስፌ ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል።

አይሁድ በዚህ ነገር ከግሪኩም ከሮማዊውም ይለዩ ነበር። ሕግ የሚማር ልጅም ቢሆን የእጅ ሙያ እንዲይዝ ይፈልጉ ነበር። መምህሮቻቸው ልጁን ሙያ ያላስተማረ አባት ስርቆት እንዳስተማረው ይቆጠራል እስከ ማለት የደረሱ ናቸው። የሳውል ሙያ ድንኳን መስፋት ነበር። ኪልቅያ ከፍየል ጠጉር በሚሠራ ወፍራም ጨርቅ የታወቀች አገር ናት፤ እኛ ማቅ ከምንለው ጋር የሚቀራረብ ነው። ሮማውያን ያንን ጨርቅ በአገሩ ስም ነበር የሚጠሩት። ድንኳን ከቆዳም ይሰፋ ስለነበር ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በስብከቶቹ ጳውሎስን ቆዳ ሠሪ እያለ ይጠራዋል። ያውም አሳንሶት አይደለም፤ ሲኮራበት ነው እንጂ።

ክርስቲያኖችን እያሳደደ ወደ ደማስቆ ሲሄድ በመንገድ ላይ ብርሃን እንደ ወደቀበት፣ ጌታም እንደ ጠራው ሁላችሁም ስለምታውቁት እዚህ አልደግመውም። እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አሳዳጅነቱን ጣለ፣ በፈሪሳዊነቱ መመካቱን ጣለ፣ ዘመድ ወዳጁን ሁሉ አጣ። ሙያውን ግን አልጣለም። ለሐዋርያነት ተጠርቻለሁ፣ ከእንግዲህ መርፌ አልነካም አላለም።

እስኪ ወደ ቆሮንቶስ እንሂድ። ቆሮንቶስ በሁለት ባሕር መካከል በጠባብ ምድር ላይ ያለች፣ በምሥራቅም በምዕራብም ወደብ የነበራት የንግድ ከተማ ነበረች። ከእርሷ ጥቂት ርቆ በሚገኝ ስፍራ በየሁለት ዓመቱ ታላቅ የውድድር በዓል ይደረግ ስለነበር ከየአገሩ ሰው ይጎርፍባታል። መርከበኛው፣ ነጋዴው፣ ወታደሩ፣ የበዓሉ እንግዳ ሁሉ ከፀሐይና ከዝናብ መጠለያ ይፈልጋል። ጳውሎስ እዚያ የደረሰው ብቻውን ነው። በፊልጵስዩስ ተገርፎ ታስሯል፣ ከተሰሎንቄ በሌሊት ሸሽቶ ወጥቷል፣ በአቴና ከሰሙት አንዳንዶቹ ስቀውበታል። በኋላ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍላቸው ወደ እነርሱ የመጣው በድካምና በፍርሃት እንደ ነበር ራሱ አልሸሸገም።

ታዲያ በማያውቀው ከተማ፣ ያለ ዘመድ፣ መጀመሪያ ያገኘው ምን ነበር? የሥራ ባልደረባ! አቂላ የተባለ በጳንጦስ የተወለደ አይሁዳዊና ሚስቱ ጵርስቅላ ከሮም በቅርቡ መጥተው ነበር። ቄሣሩ ቀላውዴዎስ አይሁድ ከሮም እንዲወጡ ስላዘዘ ተሰደው የመጡ ናቸው፤ ይህ የሆነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ49 ዓ.ም. ገደማ ነው። እነርሱም ሙያቸው ድንኳን መስፋት ስለ ነበር ጳውሎስ ከእነርሱ ጋር ገጥሞ ይሠራ ጀመር (ሐዋ. 18፥1-3)። ተመልከቱ እንግዲህ፣ ኋላ በኤፌሶንም በሮምም ቤታቸውን ቤተ ክርስቲያን ያደረጉት፣ ስለ ጳውሎስ ሕይወት አንገታቸውን ለሞት የሰጡት እነዚያ ባልና ሚስት ከእርሱ ጋር የተገናኙት በሙያ ነው። በቆሮንቶስ አንድ ዓመት ከስድስት ወር ተቀመጠ። በዚያ ሳለ ጋልዮስ በሚባለው አገረ ገዥ ፊት ከሰሱት። ያ አገረ ገዥ በነበረበት ዘመን የተጻፈ የድንጋይ ጽሑፍ በግሪክ አገር በደልፊ ስለተገኘ ሊቃውንት ጊዜውን በአውሮፓውያን አቆጣጠር 51 ዓ.ም. አካባቢ አድርገው ያሰሉታል።

የዚህን ሥራ ድካም የሚያውቀው የሠራው ነው። ወፍራሙን ቆዳ ወይም ማቅ መቁረጥ፣ በወስፌ መብሳት፣ ዝናብ እንዳያስገባ ስፌቱን አጥብቆ መሳብ አለ። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለው ነው የሚውሉት። ጣት ይቆስላል፣ መዳፍ ይሻክራል። ጳውሎስ ሌሊትና ቀን እንደ ሠራ በመልእክቶቹ ደጋግሞ ይናገራል። ረኀቡን፣ ጥማቱን፣ እንቅልፍ ማጣቱን ሲቆጥርም በእጁ መድከሙን ከእነዚያ መከራዎች ጋር ደምሮ ነው የሚጽፈው። ሥራ ይቀላል ብሎ አልዋሸንም።

ከድካሙ የባሰው ግን ንቀቱ ነበር። የግሪክና የሮም ትልልቅ ሰዎች በእጁ የሚሠራን ሰው ከባሪያ ለይተው አያዩትም። በየከተማው የሚዞሩ አስተማሪዎች ነበሩ፤ ደቀ መዛሙርታቸውን ገንዘብ ያስከፍላሉ፣ ወይም በአንድ ሀብታም ቤት ተጠግተው ይኖራሉ። የቆሮንቶስ ሰው እንዲህ ያለውን ነው መምህር ብሎ የሚያውቀው። ልብሱ ቆዳ ቆዳ የሚሸት ወስፌ ያዥ ስለ እግዚአብሔር መንግሥት ሲነግራቸው ምን ይሰማቸው ይመስላችኋል? አንዳንዶቹማ ገንዘብ የማይቀበለን ራሱም እውነተኛ ሐዋርያ አለመሆኑን ስለሚያውቅ ነው እስከ ማለት ሳይደርሱ አልቀሩም፤ እርሱም በሁለተኛው መልእክቱ ራሴን ዝቅ ማድረጌ ኃጢአት ሆኖብኝ ነወይ በሚል ስሜት ሲሟገታቸው እናነባለን።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ቆሮንቶሶችን ከመውቀሳችን በፊት ወደ ራሳችን እንመልከት። እኔ በልጅነቴ በገጠር ሳድግ ከቆዳ ፋቂው ቤት ውኃ እንዳንጠጣ፣ ከሸክላ ሠሪዋ ልጆች ጋር እንዳንጫወት ተነግሮን ነው ያደግነው። ቡዳ ናቸው፣ ዓይናቸው ይበላል ይሉን ነበር። የሚሉን ደግሞ የማይጾሙ ሰዎች እንዳይመስሏችሁ፤ ሰኔ ጾምን አጥብቀው የሚጾሙ፣ ሐምሌ 5 ጳውሎስን የሚዘክሩ ደጋግ ሰዎች ናቸው። በዓሉን የሚያከብሩለት አባት እዚያ መንደር በወስፌው ቢመጣ ከጓዳ ውኃ የሚሰጠው ነበር? ይህን ጥያቄ ራሴን የጠየቅሁት አድጌ የሐዋርያት ሥራን ካነበብኩ በኋላ ነው፤ በጣም ነው ያፈርኩት። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ሌላውንም ባለሙያ በሥራው መስደብን ከልክለው ነበር። መቶ ዓመት አልፎታል፤ ስድቡ ግን ከአንዳንዶቻችን አፍ ገና አልወጣም።

ደግሞስ ቤተ ክርስቲያናችን ያለ እነዚያ እጆች ምን ይኖራት ነበር? ቅዱሱ መጽሐፍ የተጻፈው በብራና ነው፤ ብራናው ተፍቆ የተዘጋጀ ቆዳ ነው። መጽሐፉ የሚገባበት ማኅደር ቆዳ ነው። ከበሮው የተለጎመው በቆዳ ነው። መስቀሉንና ጽናጽሉን የሠራው ቀጥቃጭ ነው። የምንለብሰውን ነጠላ የሸመነው ሸማኔ ነው። የእጃቸውን ሥራ ተሳልመን፣ እጃቸውን ግን ተጸየፍን!

ወደ ታሪኩ ልመለስ። ጳውሎስ የሚሠራው ሌላ መኖሪያ ስላጣ ብቻ አልነበረም። ወንጌልን የሚሰብክ ከወንጌል እንዲኖር ጌታ ሥርዓት እንደ ሠራ እርሱ ራሱ አስተምሯል። በአውድማ የሚያበራየውን በሬ አፍ ማሰር እንደማይገባ የሚናገረውን የሙሴን ሕግም ለዚሁ ጠቅሶታል፤ ነገሩ ለገበሬ ልጅ ግልጽ ነው። መብቱ እንዳለው አሳይቶ፣ መብቱን ተወው። ለምን? ስለ ገንዘብ ይሰብካል ብሎ አንድ ነፍስ እንዳይሰናከል ነው። ወንጌሉን በነፃ የተቀበለው ስለሆነ በነፃ ሊሰጠው ወደደ። (በነገራችን ላይ ይህን አንብቦ የደብሩን ካህን አንተስ ለምን እንደ ጳውሎስ አትሠራም የሚል እንዳይኖር። ጳውሎስ የተወው የራሱን መብት ነው፤ የሌሎቹን አገልጋዮች መብት ግን አጥብቆ ተሟግቶላቸዋል። ደመወዛቸው ሳይበቃቸው እርሻም ንግድም እየሞከሩ የሚያገለግሉ ስንት ካህናት እንዳሉን ደግሞ እናውቃለን።)

ይሁን እንጂ ሥራን እንደ ጣዖት አላመለከም። በሰንበት በሰንበት ወስፌውን አስቀምጦ በምኩራብ ያስተምር ነበር። ሲላስና ጢሞቴዎስ ከመቄዶንያ ሲመጡለትም ቃሉን በመስበክ ተጠምዶ እናገኘዋለን፤ ከመቄዶንያ የመጡት ወንድሞች የሚያስፈልገውን እንደ ሞሉለት እርሱው ጽፏል። የፊልጵስዩስ ሰዎች ከአንድ ጊዜ በላይ ልከውለታል፣ እርሱም በደስታ ተቀብሏል። በእጄ ነው የምኖረው ብሎ የሰው ስጦታ የሚንቅ ትዕቢተኛ አልነበረም ማለት ነው። ይህን የምለው ከሥራ ብዛት የተነሣ ለጸሎትም ለልጆቻችሁም ጊዜ ያጣችሁ ሰዎች ስላላችሁ ነው። እናንተን ጳውሎስ አያበረታታችሁም።

በተሰሎንቄ የነበረው ችግር ደግሞ ሌላ ነው። እዚያ ያሉ አንዳንድ ምእመናን ሥራቸውን ትተው ነበር። የጌታን ዳግም ምጽአት ቀን ደርሷል እያሉ የታወኩ በመካከላቸው ስለ ነበሩ ብዙ መምህራን ሁለቱን ያያይዟቸዋል። በልዩ ልዩ ቤት እየዞሩ የማይመለከታቸውን ነገር ማውራት ሆነ ሥራቸው። የሚያበሏቸው ግን የሚሠሩት ወንድሞቻቸው ናቸው። ጳውሎስ እዚያ ሳለ የማንንም እንጀራ በከንቱ አልበላም፤ ሊከብድባቸው ስላልፈለገ ሌት ተቀን ሠርቷል። ከሄደ በኋላም በመልእክቱ መሥራት እምቢ ያለ ሰው ከሌላው ድካም መብላት እንደማይገባው በጥብቅ ጻፈላቸው (2ኛ ተሰ. 3፥10)። ይህን ቃል ብዙ ሰው በድሀው ላይ ይወረውረዋል። በቤተ ክርስቲያን ደጅ የተቀመጠውን ነዳይ አይቶ፣ ምጽዋቱን በኪሱ ይዞ፣ ጳውሎስን ጠርቶ ያልፋል። አይሆንም ወገኖቼ! ሐዋርያው የተናገረው መሥራት ስለማይወድ ሰው እንጂ መሥራት ስላልቻለ ወይም ሥራ ስላጣ ሰው አይደለም። ዲግሪውን ይዞ በየማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር የሚቆመው ወጣት ሰነፍ አይደለም። በዚያው ምዕራፍ ላይ መልካም ሥራን ከመሥራት እንዳይታክቱም አሳስቧቸዋል። ያንን የሚጠቅሰው ሰው ግን ጥቂት ነው።

ከዚያ ኤፌሶን ነው፤ ሦስት ዓመት ያህል የተቀመጠባት ከተማ። ጢራኖስ በሚባል ሰው የትምህርት አዳራሽ በየቀኑ ለሁለት ዓመት አስተማረ። በአንዳንድ ጥንታዊ ቅጂዎች ላይ ሰዓቱም ተጽፏል፤ ከአምስት ሰዓት እስከ ዐሥር ሰዓት። ያ ማለት ሌላው ሰው ከፀሐዩ ሸሽቶ ምሳውን በልቶ ጋደም በሚልበት ሰዓት ነው። ጠዋት በማለዳ ከአቂላ ዓይነቱ ባለሙያ ጋር ሲሰፋ ቆይቶ፣ እጁን ታጥቦ ለማስተማር ይሄድ እንደ ነበር መገመት ይቻላል። አዳራሹ ባዶ የሚሆንበትን ሰዓት ጳውሎስ ለትምህርት አዋለው። የሚሰሙትም የቀትር እንቅልፋቸውን ትተው የመጡ ናቸው።

በዚያች ከተማ የሆነውን ተአምር ሁላችሁም ሰምታችሁታል። ከጳውሎስ አካል ላይ ጨርቅ እየወሰዱ በሕሙማን ላይ ሲያኖሩት ደዌው ይርቃል፣ ክፉ መንፈስም ይወጣል። እንግዲህ እነዚያ ጨርቆች ምን ነበሩ? የግሪኩ ቃል ላብ መጥረጊያና የሠራተኛ ሽርጥ ማለት ነው። እጅጌው የረዘመ የሊቅ ካባ አይደለም! ሲሰፋ ግንባሩን የሚጠርግበት፣ ወገቡ ላይ የሚያሸርጠው፣ ላብ የጠጣ ጨርቅ ነው ለድውያን ፈውስ የሆነው። እግዚአብሔር ይህን ጨርቅ አልተጸየፈም። በሰው ቤት ወጥ ቤት ቆመሽ የምትውይ እኅቴ፣ በዐረብ አገር በባዕድ ቤት ወለል የምታጸጂ እኅቴ፣ ሽርጥሽን ስታወልቂ ይህችን ነገር አስቢያት።

ኋላም ወደ ኢየሩሳሌም ሊሄድ ቸኩሎ ነበርና የኤፌሶንን ሽማግሌዎች ወደ ሚሊጢን አስጠራቸው። መጨረሻው እንደ ሆነ፣ ፊቱንም ዳግመኛ እንደማያዩ ያውቃል። ሊሰናበታቸው ብዙ ነገር ተናገረ። ከንግግሩ መጨረሻ ላይ እጆቹን ነው ያሳያቸው። ለእርሱ ብቻ ሳይሆን አብረውት ለነበሩትም የሚያስፈልገውን ያገለገሉት እነዚህ እጆች እንደ ሆኑ ነገራቸው፤ እንዲህ እየደከሙ ደካሞችን መርዳት እንደሚገባም አስረዳቸው (ሐዋ. 20፥34-35)። አስቡት እስኪ፤ መልእክቱን በብዙ ከተሞች የሚያነቡለት፣ ድውይ የፈወሰ፣ ሙት ያስነሣ አባት ነው። ለስንብት ያወጣው ማስረጃ ወስፌ የሻከረው መዳፉ ሆነ። ከዚያ ተንበርክከው ጸለዩ፤ አንገቱን አቅፈው እየሳሙት ብዙ አለቀሱ።

በኢየሩሳሌም ተያዘ። በቂሣርያ ሁለት ዓመት ታሰረ፣ ይግባኝ ብሎ በመርከብ ተጭኖ፣ መርከቡ ተሰብሮ፣ ሮም ደረሰ። በሮምም ሁለት ዓመት ሙሉ በተከራየው ቤት፣ በራሱ ወጪ፣ ከሚጠብቀው ወታደር ጋር በሰንሰለት ታስሮ ተቀመጠ። የመጣውን ሁሉ እየተቀበለ ያስተምር ነበር። በመጨረሻም በኔሮን ዘመን በሮም በሰይፍ ተሠዋ።

ከመሠዋቱ በፊት ለልጁ ለጢሞቴዎስ የጻፈው የመጨረሻ መልእክቱ አለ። ብዙዎቹ ትተውት ሄደዋል፤ አብሮት ያለው ሉቃስ ብቻ ነው። ሩጫውን እንደ ጨረሰ፣ አክሊልም እንደሚጠብቀው ከገለጸ በኋላ ወደ ጥቂት የግል ጉዳዮች ይመለሳል። ሀብት ንብረት አልተናዘዘም፤ ያለው ነገር ይኸው ነበርና። በጢሮአዳ አክርጳ ከሚባል ሰው ዘንድ የተዋትን በርኖስ እንዲያመጣለት ጢሞቴዎስን ለመነው። መጻሕፍቱንም፣ ይልቁንም የብራናዎቹን እንዳይረሳ አደራ አለው። ደግሞም ክረምት ሳይገባ ቶሎ እንዲመጣ ለመነው። ለስንቱ መንገደኛ ከዝናብ መጠለያ ሲሰፋ የኖረው ሽማግሌ በብርዱ እስር ቤት የጠየቀው አሮጌ በርኖሱን ነው።